የቡላ በረዶ

ዘነበች ቴሌቪዥን ያስገባችው ባለፈው ፋሲካ ነው። ከዚያ ወዲህ ወልቂጤ ያለው ቤቷ እንግዳ አያጣም፤ የጎረቤት ልጅ፣ የጎረቤት እንግዳ፣ የእንግዳው እንግዳ ሳይቀር ሳሎኗ ውስጥ ተደርድሮ ያመሻል። እኔ የእናቷ ወንድም ስለሆንኩ ፊት ለፊት ያለችው ባለመደገፊያ ወንበር የኔ ናት። ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ ታዲያ የጓሮውን ክፍል የተከራየው ወጣት መምህር አንድ የቪዲዮ ካሴት ይዞ መጣ። የጎጃም ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው፤ ሲያየኝ ከመቀመጫው ይነሳል። «አባባ፣ ይቺን ይዩልኝ። ቃል የሚባል የለባትም፤ ጆሮዎን አታደክምም» አለኝ። አየሁለት። በረዶ ነው። ከዳር እስከ ዳር በረዶ፣ ከበረዶው በላይ ሰማይ፣ ከዚያ እንደገና በረዶ። ሰው የለ፣ ቤት የለ፣ የሚናገር የለ፤ ነፋስ ብቻ ይጮሃል። መምህሩ አፉን ከፍቶ ሲያይ ቆየና «እንዴት ንጹሕ ነው! የሰው እግር ያልረገጠው! ቃል ቢጨመርበት እኮ ይበላሽ ነበር» አለ። ደሜ ፈላ። ተነስቼ የቴሌቪዥኑን ሽቦ ከግድግዳው ላይ ነቀልኩት።

«ማን ነገረህ?» አልኩት። «የሰው እግር እንዳልረገጠው ማን ነገረህ? ፊልሙን ያነሳው ሰውዬ ቃል የተወው ለምን እንደሆነ ጠይቀኸዋል?»

ዘነበች ከጓዳ እየሮጠች መጣች። «ጋሼ፣ ምን ነካህ? የግፊት መድኃኒትህን አልዋጥክም እንዴ?» ልጁ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ይቅርታ ይጠይቀኝ ጀመር፤ ይሄ ደግሞ ይብስ አናደደኝ። የእሱ ፊልም እውነተኛ በረዶ ነው፣ አምናለሁ፤ ጠቤ ከእሱ ጋር አይደለም። ጠቤ ከሌላ በረዶ ጋር ነው፤ እኔው ራሴ ከየሰው ቤት ለቅሜ ካመጣሁት በረዶ ጋር። ለመምህሩ በቃል ልነግረው ሞከርኩ፤ ቁጣዬ እየቀደመኝ አልሆነልኝም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ፤ እሱም ያንብበው፣ ዘነበችም ታንብበው።

ጊዜው ጣሊያን አገራችንን የያዘበት ዘመን ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ለዓመተ ምሕረት ጭንቅላት የለኝም። እኔ የማስታውሰው ገበያውን ነው። ቡታጅራ ያን ጊዜ እንደዛሬው የሚኒባስ ረዳት የሚያደነቁራት ከተማ አልነበረችም። ገበያው ከትልቁ ዋርካ ሥር ይቆም ነበር፤ ከዋርካው በስተቀኝ የማረቆ በርበሬ መሬቱን አቅልቶት ይውላል፤ በስተግራ አሞሌ ጨው፣ ቅቤ በኮባ ተጠቅልሎ፣ ቆጮ፣ የሸክላ ዕቃ። ዛሬ አንድ ኪሎ በርበሬ በማይገዛ ገንዘብ ያን ጊዜ በግ ከነግልገሏ እየነዱ ይገቡ ነበር። ጥግ ላይ የዐረቡ ሱቅ አለች፤ አቡጀዲ፣ ክብሪት፣ ሻማ፣ መስተዋት። ዐረቡ አንዲት የምታንቋርር የሸክላ ማጫወቻ ነበረችው፤ ዘፈኑ በዐረብኛ ስለሆነ ማናችንም አይገባንም፤ ግን ልጃገረዶቹ ውሃ ሲወርዱ በዜማው ላይ የራሳቸውን ግጥም እየጨመሩ ይሄዱ ነበር። እኔ በዚህ ሁሉ መሀል ካኪ ቁምጣ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ካልሲና የሚያብረቀርቅ ጫማ አድርጌ እንጎራደዳለሁ። ሃያ ዓመቴ ነው። ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ለአንድ ጣሊያናዊ ግንበኛ ጭቃ ሳቦካ ቋንቋውን ለቃቅሜ ነበርና አስተርጓሚ ሆኛለሁ። እናቶች ሲያዩኝ «ወልዴ ጫማ አደረገ» እየተባባሉ ይጠቃቀሱ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያደነቁኝ ይመስለኝ ነበር።

የተመደብኩት ለአንድ ፊልም አንሺ ነው። ስሙ ሲኞር ሬናቶ ይባላል፤ አገሬው ግን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚውል አንድ ዓይናው ይለዋል። የተላከው መንገድና ድልድይ ሲሠራ፣ ባንዲራ ሲሰቀል እንዲያነሳ ነበር። ልቡ ግን እዚያ አልነበረም። ከዓመታት በፊት በመርከብ ወደ ምድር ጫፍ ሄዶ፣ ፀሐይ ለወራት የማትጠልቅበትን የበረዶ አገር አንስቶ ነበር። ያንን ፊልም በየሄደበት በጥቋቁር ሣጥኖች ይዞት ይዞራል። አንዳንድ ቀን ከድንኳኑ ፊት ተቀምጦ ቁራጩን ወደ ፀሐይ አንስቶ ያሳየኛል፤ ጥፍር የምታህል ነጭ አገር፣ ከሥሯ ሌላ ጥፍር የምታህል ነጭ አገር። «አንድም ቃል አይኖርበትም፣ ወልዴ። ለበረዶ ቃል ምን ያደርግለታል?» ይለኛል። እውነቱን ልናገር፣ እወደው ነበር። አልመታኝም፣ አልሰደበኝም፣ የራሱን ዳቦ ለሁለት ቆርሶ ይሰጠኝ ነበር። መትቶኝ ቢሆን ዛሬ እንዴት በቀለለኝ!

አንድ ቀን ወንዝ ስንሻገር አንደኛው ሣጥን ከጭነት መኪናው፣ ከካሚዮኑ፣ ወድቆ ውሃ ገባ። የጠፋው ጥቅል የፊልሙ መሀል ነው፤ ፀጥ ያለው፣ የተሰነጣጠቀው የበረዶ ሜዳ። ሰውዬው ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። በሦስተኛው ቀን ገበያ ይዤው ወጣሁ። አንዲት ሴት ኮባ ላይ ቡላ ዘርግታ ትሸጣለች። ሲኞር ሬናቶ ጎንበስ ብሎ በአውራ ጣቱ ሲጫነው ከላይ ደረቅ ያለው ቡላ ስንጥቅ ስንጥቅ አለ። ያ የተጨፈነው ዓይኑ ሳይቀር ተከፈተ። «ጊያቾ! ጊያቾ!» እያለ ገበያ መሀል ዘለለ። በረዶ፣ በረዶ ማለቱ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ከየቤቱ ሰብስብልኝ፤ ብዙ፣ በጣም ብዙ» አለኝ።

ቡላ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ለጎጃሙ ልጅ ልንገረው። እንሰት ተተክሎ እስኪደርስ ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጃል። ሴቶች ፍቀው ሲጨምቁት ውሃው ይጠራቀማል፤ ሲጠልል ከሥሩ ነጭ ነገር ይቀራል። ቡላ ማለት እሱ ነው። ከስንት ድካም በኋላ የሚገኘው ጥቂት ስለሆነ በየቀኑ አይበላም፤ በየቤቱ ለአራስና አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ይቀመጣል። በእኛ መንደር ታዲያ አንድ ልማድ ነበር። ሰው መጥቶ «ቡላ ይፈለጋል» ካለ፣ ለማን ነው፣ የማን ቤት ነው ተብሎ አይጠየቅም። አራስ በስሟ አትጠራም፤ ዓይን ያርፍባታል ይባላል። ያለው ይሰጣል፣ ያበደረ አይጠይቅም፣ ሲወልድ ይመለስለታል።

እኔም በየደጁ ቆሜ «ቡላ ይፈለጋል፤ ፈረንጁ ዘንድ ነው» አልኩ። ሌላ አላልኩም። መንደርተኛው በጉራጌኛ ያወራውን ነው እዚህ በአማርኛ የምጽፈው። የመንደሩ አዋላጅ እማማ ብርነሽ ትልቁን ገንቦ ይዘው ወጡና «ምስኪን፣ በሰው አገር! እናት የላት፣ እህት የላት» አሉ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የፈረንጁ ሚስት ድንኳን ውስጥ ወልዳለች ብለዋል! የጣሊያኑን ገንዘብ፣ ሊሬውን፣ ሳወጣ እማማ ብርነሽ እጄን መቱኝ። «ለአራስ ዋጋ እንቀበላለን? ምን ነካህ አንተ ልጅ?» ወሬው ከእኔ ቀድሞ ከቤት ወደ ቤት ሮጠ። ምንም ሳይጠይቁኝ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ እየያዙ ይወጣሉ። እኔ ምን አልኩ? ምንም። አላስተካከልኩም። ካኪዬን ለብሼ፣ ሊሬዬን ኪሴ መልሼ ጭነቱን በአህያ አስጫንኩ።

መጨረሻ ላይ እህቴ ቤት ደረስኩ። አስካለ ታላቄ ናት፤ እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም አልበረከቱላትም፤ ሦስተኛው ዘጠነኛ ወሩን ይዟል። ባሏ አዲስ አበባ ንግድ ላይ ነው፤ መንገዱ ከቡኢ ከተማ ወዲያ ስለተዘጋ መምጣት አልቻለም። አልጋዋ ሥር አንዲት ትንሽ ማሰሮ ነበረቻት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ለራሷ ያስቀመጠቻት ቡላ። አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ልማዱን ጥሳ የጠየቀችኝ ወንድሟ ስለሆንኩ ብቻ ነው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሚስቱ ናት?» አለችኝ።

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። አፌን እንኳ አልከፈትኩም።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ ብላሻለች በላት» አለችኝ አስካለ። «የኔን አታስብ፤ እኔ ገና ነኝ። እስከዚያ ጎረቤት ያወጣል።»

ስድሳ ዓመት ሙሉ አንድ ምክንያት እያላመጥኩ ኖሬአለሁ። ምክንያቴ ይሄ ነው፤ እውነቱን ብናገር እምቢ ይሉ ነበር፣ እምቢ ካሉ ለጣሊያን ያደሩት ጥቁር ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ በር ሰብረው ይወስዱት ነበር፣ ሰው ይደበደብ ነበር። ስለዚህ ዝም ማለቴ ለእነሱው ነበር። ምክንያቱ ጥሩ ነው፤ ለራሴ ስነግረው ሁልጊዜ ያሳምነኛል።

በማግስቱ ሲኞር ሬናቶ ከዘቢዳር ተራራ እግር ሥር ያለውን ትልቁን አውድማ አስጠረገ። የመንደሩን ቡላ በሙሉ በውሃ አቅጥኖ አስደፋው። ከኋላው የጭድ ክምር ላይ ነጭ አንሶላ አልብሶ ተራራ አደረገው። ካሜራውን መሬት ላይ አስተኝቶ፣ እሱም በሆዱ ተኝቶ «ና እይ» አለኝ። አየሁ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ አንድ ጥማድ በሬ የሚዞርበት አውድማ ማለቂያ የሌለው አገር ሆኗል! ያማረ ነበር። ባያምር ኖሮ ንዴቴ ግማሽ በሆነ። «ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ ነው የምቀርጸው። እስከዚያ ሰው እንዳይረግጠው፣ ወፍ እንኳ እንዳያርፍበት» አለና ዙሪያውን አስካሪ አቆመ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሴቶቹ አራስ ሊጠይቁ መጡ። የታጠበ ነጠላ ለብሰዋል፤ ቅቤ ይዘዋል፤ አንዷ የማር ቅል ይዛለች። ወንድ ይሁን ሴት ስላላወቁ መንገድ ላይ ስለ እልልታው ሲከራከሩ መጥተው «ፈረንጅ ነው፣ ሰባት ይሁንለት» ብለው ተስማምተዋል። ድንኳኑ ጋ ሲደርሱ እልልታቸውን አቀለጡት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ እማማ ብርነሽ አውድማውን አዩና እልልታው አፋቸው ላይ ቀረ። ሲኞር ሬናቶ ከድንኳኑ ወጥቶ፣ ፊልም ሊነሱ የመጡ መስሎት፣ እየሳቀ በእጁ ወደ ዳር ወደ ዳር ይላቸዋል። ጥላቸው በረዶው ላይ እያረፈበት ነው።

«አራሷ የታለች፣ ወልዴ?» አሉኝ እማማ ብርነሽ።

«አራስ የለችም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

ምን ብዬ ልተርጉመው? በእኛ ቋንቋ ለዚያ ነገር ቃል አልነበረኝም። «ሥዕል ነው» አልኩ። እማማ ብርነሽ አልጮሁም፣ አልሰደቡኝም። ያመጡትን ቅቤ በነጠላቸው ጠቅልለው መልሰው ይዘውት ሄዱ። የዚያኑ ቀን እኩለ ቀን ላይ አስካለን ምጥ ያዛት፤ ጀምበር ሳትጠልቅ ወንድ ልጅ ወለደች። ብዙ ደም ፈሰሳት። አቅም አነሳት፤ ጡቷ እምቢ አለ። እማማ ብርነሽ ገንፎ ሊያገነፉላት በየቤቱ ቡላ ፍለጋ ሰው ላኩ፤ በየቤቱ ባዶ ገንቦ። ወንዝ ማዶ ያለው መንደር ሰው ተላከ፤ ደርሶ መመለሻው ግን ሁለት ቀን ነው።

በነጋታው ሲኞር ሬናቶ ዘንድ ሄድኩ። እማማ ብርነሽ ጎድጓዳ ገበታ ይዘው ከኋላዬ መጥተዋል። «ሲኞር፣ አንዲት ሴት ወልዳለች። ከቡላው ትንሽ ይስጡኝ፤ አንድ ቅል ይበቃኛል» አልኩት። እህቴ ናት አላልኩም። ሥራ ቦታ የቤተሰብ ጉዳይ ማንሳት ያሳፍረኝ ነበር።

«ዛሬ?» አለ በጣም አዝኖ። «ተመልከት፣ ወልዴ፤ ስንጥቁ ገና መሀል አልደረሰም። አንድ ጣት ከነካው አለቀ። ነገ ጠዋት እቀርጸዋለሁ፤ ከዚያ ሁሉንም ውሰዱት።» ገባ ብሎ አንድ ቆርቆሮ ወተትና ጋሌጣ ብስኩት አመጣልኝ። ክፉ ሰው አልነበረም እኮ! ሰው እንዲሞት አልፈለገም፤ ሰው እንዲታየው ብቻ አልፈለገም።

«ምን አለ?» አሉ እማማ ብርነሽ።

«ነገ ይሰጣል አለ።»

«የወለደችውኮ ትናንት ነው» አሉና ነጠላቸውን አደግድገው በረዶው ላይ ወጡ። አንድ እርምጃ። ቅርፊቱ ከእግራቸው ሥር ተሰበረ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ለመዛቅ ጎንበስ ሲሉ አስካሪው ነጠላቸውን ይዞ ወደ ኋላ ጎተታቸው፤ ድንጋይ ላይ ወደቁ። ሲኞር ሬናቶ እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ጮኸ። ለወደቁት ሴት የጮኸ መስሎኝ ነበር። «ዱካው! ዱካው!» ነው የሚለው። ይህንን ግን እንድተረጉም ማንም አልጠየቀኝም።

በማግስቱ ማለዳ ቀረጸ። ፀሐይ ከተራራው ፊት ለፊት ስትወጣ ያ ነጭ ነገር ሰማያዊ ሆነ፣ ከዚያ ሮዝ፣ ከዚያ ወርቅ። የካሜራዋ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሲጨርስ አቅፎ ሳመኝ። ሴቶቹ ከእበቱና ከጭዱ ጋር የተለወሰውን ዘቀው ወሰዱ፤ አጥበው፣ አዝቅጠው፣ ከቆሻሻው ለይተው ዳግመኛ ቡላ ለማድረግ ሌላ ሌሊት ያስፈልገዋል። የማዶው መንደር ቡላም ደረሰ። አስካለ ቀምሳ ተረፈች። ልጁ በስምንተኛው ቀን፣ ስም ሳይወጣለት ሞተ። ቡላ በጊዜው ቢገኝ ይተርፍ ነበር ብዬ መማል አልችልም። አይተርፍም ነበር ብዬም መማል አልችልም፤ የሚያንገበግበኝም ይሄው ነው።

ፊልሙን አይቼዋለሁ። ከወራት በኋላ በወልቂጤ መንገድ የሥራ ሰፈር፣ ሁለት ካሚዮን መሀል አንሶላ ወጥሮ ለሹማምንቱ አሳየ። ዛሬ የጎሚስታ ቤቶቹ የተደረደሩበት አካባቢ ነው፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እተፋለሁ፣ ሰዎች የናፍጣው ሽታ ይመስላቸዋል። እውነተኛው በረዶ አለፈ፣ ከዚያ የእኛ አውድማ መጣ። የለየው የለም። የእኛው ይበልጥ ያምር ነበር። በግራ በኩል ዳር ላይ ሦስት ዱካ ነበር፤ ቆርጦ አላወጣውም። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ መኮንን ለጓደኛው «ድብ ነው» አለው። የእማማ ብርነሽን እግር! ቃል ስለሌለው የሚያርመው የለም፤ ተነስቶ ድብ አይደለም የሚል አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም ቋንቋውን የሚያውቀው እኔ ነኝ። ሲያልቅ ሁሉም አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ።

ጣሊያን ሄደ፣ ዘመን ተለዋወጠ። አስካለ ባሏ ተመልሶ ኋላ ላይ ዘነበችን ወለደች። ለእኔ ግን ያ ልጇ ከሞተበት ቀን ጀምሮ አንድ ቃል ትንፍሽ አላለችም። በየዓመቱ ለመስቀል ከያለሁበት ተነስቼ ቡታጅራ እሄዳለሁ፤ ጃኖ፣ ስኳር፣ ጥሩ ሻሽ ይዤ። ትስመኛለች፤ ወግ ነውና። ክትፎውን ከሁሉ በፊት ለእኔ ታቀርባለች፤ የጎደለ እንደሆነ ወደ ልጇ ዞራ «ለአጎትሽ ጨምሪለት» ትላለች። እኔም ለዘነበች «ለእናትሽ በቃኝ በያት» እላለሁ። አስተርጓሚው ሰውዬ ከገዛ እህቱ ጋር የሚነጋገረው በአስተርጓሚ ሆነ። መጀመሪያ አዝን ነበር፤ ኋላ ተናደድኩባት። እልኸኛ፣ ድንጋይ ልብ፣ ስንት ሰው የገደለውን ሁሉ አገር ይቅር ሲለው እሷ ራስ ለነቀነቀ ወንድሟ ይቅርታ የላት! እያልኩ መንገድ ሙሉ እሰድባታለሁ፤ በሚቀጥለው መስቀል ደግሞ ሻሽ ይዤ እሄዳለሁ።

የመጨረሻው መስቀል ላይ አልጋ ይዛ ነበር። ሰው ሁሉ ደመራ ወጥቶ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን፤ የሚያስተረጉም አጣን። በመጨረሻ አወጣሁት።

«አስካለ፣ ፈረንጁ ሚስት አልነበረችውም። እያወቅሁ ነው ራሴን የነቀነቅኩልሽ። ግን ምን ላድርግ? ብነግራችሁ ኖሮ አስካሪዎቹ ቡላውን በር ሰብረው ይወስዱት ነበር።»

ፊቷን ከግድግዳው ወደ እኔ መለሰች። ድምፅዋን ረስቼው ኖሯል፤ የማላውቃት ሴት የተናገረች መሰለኝ።

«ይወስዱት ነበር» አለች። «እሱንማ አውቃለሁ። ብትነግረኝ ግን አንድ እፍኝ እደብቅ ነበር።»